ስም የተጻፈበት ድንጋይ

ትናንት ጠዋት ከሰበታ ወጣ ብሎ፣ ወጨጫ ተራራ ግርጌ... መንገዱ ስለተዘጋ ከሚኒባስ ወርጄ በእግሬ ስሄድ፣ ሰዎች አንድ ወንድና አንዲት ሴትን ከበው አየሁ። መሬት ላይ መዶሻ፣ ሜትርና ካርታ ተጥሏል።

«የማስተር ፕላን ሰዎች ናቸው። መሬታችንን ለከተማ ሊወስዱ ሲለኩ ያዝናቸው» አለኝ አንዱ።

ጠጋ ብዬ ሳይ ደረጀና ጫልቱ ናቸው። ሁለቱንም ስምንተኛ ክፍል አስተምሬያቸዋለሁ። አሁን ባልና ሚስት ሆነዋል፤ ሥራቸው እሳተ ገሞራ ማጥናት ነው።

የሰፈሩ ሽማግሌ ኦቦ ቶሎሳ ወደ እኔ ዞሩ። «ባርሲሳ፣ ያውቋቸዋል?» አሉኝ፤ መምህር ማለታቸው ነው።

«ተማሪዎቼ ነበሩ። ይህ ተራራ ድሮ እሳት ይተፋ ነበር። ድንጋዩን ነው የሚያጠኑት።»

«እዚህ? እሳት?» አለ አንድ ወጣት። «ሌላ ውሸት አጣችሁ?»

ቦርሳቸው ይከፈት አልኩ። ተማምኜ ነበር... ድንጋዮቹ አንድ በአንድ ወጡ። እያንዳንዱ ላይ ወረቀት ተለጥፏል፤ ቁጥር፣ ቀን፣ ቦታ። ልክ እንዳስተማርኳቸው። ወጣቱ አንዱን አንስቶ አነበበ።

«ከኦቦ ቶሎሳ ማሳ በላይ፣ መቶ ሃያ ሜትር።»



«ስሜን መዝግባችኋል?» አሉ ኦቦ ቶሎሳ። ድምፃቸው ተቀየረ። አልፈረድኩባቸውም። በዚህ ሰሞን የገበሬ ስምና ሜትር አንድ ወረቀት ላይ ከተገናኙ ምን እንደሚከተል ማን ያጣዋል?

አንዱ የደረጀን ክንድ ጨምድዶ ያዘ።

«ጥፋቱ የእኔ ነው» አልኩ። «ልጆች ሳሉ ድንጋይ አምጡ ብዬ አዘዝኳቸው። ጫልቱ የት እንዳነሳችው ጽፋ ስለመጣች አሥር ከአሥር ሰጠኋት። ደረጀ ስላልጻፈ ዜሮ ሰጠሁት። ቅዳሜ ቦታውን ሊፈልግ ተራራ ሲወጣ አብራው ሄደች። ከዚያ ወዲህ አልተለያዩም።»

ጫልቱ በኦሮምኛ ቀጠለች። «ኦቦ ቶሎሳ፣ ያን ቀን ዝናብ ሲመታቸው ቤትዎ አስገብተው እርጎ የሰጧቸው ልጆች እኮ እኛ ነን።»

ሽማግሌው ትክ ብለው አዩዋት። «ስምዎንና የማሳዎን ቦታ ካልነገሩን መምህሩ ዜሮ ይሰጠናል ብላችሁ ያስቸገራችሁኝ እናንተ ናችሁ?»

«አዎ። ያለቀሰው እሱ ነው» ብላ ባሏን ጠቆመች።

ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ። የደረጀ ክንድ ተለቀቀ።

ኦቦ ቶሎሳ ግን ድንጋዩን ከወጣቱ ወስደው እጄ ላይ አስቀመጡት። «ልጆቹ ይሂዱ። ስሜ ግን ይሰረዝ። ያስጻፉት እርስዎ ነዎት፣ እርስዎው ይሰርዙት።»

ብዕሬን አውጥቼ አንድም ፊደል እንዳይነበብ አድርጌ ሰረዝኩት። ካሳየኋቸው በኋላ ድንጋዩን ለደረጀ መለስኩለት።

«ጋሼ... አሁን ይሄ ድንጋይ ስንት ያገኛል?» አለኝ።

የት እንደተነሳ የማይነበብበት ድንጋይ ዜሮ ነዋ... ዕድሜዬን ሙሉ ሳድለው ከኖርኩት ዜሮ፣ ደስ ብሎኝ ለራሴ የወሰድኩት ይህን ብቻ ነው።