በሳሙናና በክር የሠራነው ሜትር

በአብዮቱ ዘመን ነው፤ ዊንጌት አጠገብ ታክሲ ስጠብቅ የአብዮት ጥበቃዎች ያዙኝ። ጉለሌ ውስጥ ወዳለ አንድ ቀበሌ ወስደው፣ ቀድሞ የእህል መጋዘን የነበረ ክፍል ውስጥ ከተቱኝ። ገና በሩ ሲከፈት የላብና የዱቄት ሽታ ተቀበለኝ። ሴቶቹ ጎን ለጎን ተደርድረዋል። በሩ ሥር ግን አንዲት ነፍሰ ጡር ቁጭ ብላ ታንቀላፋለች። ባልሽን አምጪ ተብላ ነው የታሰረችው።

«ለምን አትተኛም?» አልኩ።

«ሞልቷላ!» አሉ የክፍሉ ኃላፊ፣ እንደኛው እስረኛ የሆኑት፣ ሁሉም እትዬ የሚሏቸው ሴት።

ቦታ የሚታደለው በእትዬ ስንዝር ነበር። እኔ ስገባ ሁሉም እንደገና ተለካ። ለወዳጅ ሲለኩ ጣታቸው ይበረገዳል፤ እኔ ጋ ሲደርሱ ተሰበሰበ። እኔ ደግሞ አፌን መያዝ አልችልም።

«እትዬ፣ እጅዎ ያዳላል።»

«እና በምን ልለካ፣ በምላስሽ?»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅሁ። ያቺን ሴት ሳላስተኛ ግን መተው የለም። የፊዚክስ መምህራችን የነገሩን ትዝ አለኝ፤ ፈረንሳዮች በየቦታው የሚለያይ ልክ ሲሰለቻቸው፣ ለሜትር መጀመሪያ ካሰቧቸው ነገሮች አንዱ የሚወዛወዝ ክር ነበር። ከዳር እስከ ዳር በአንድ ሰከንድ የሚሄድ ክር ርዝመቱ አንድ ሜትር ገደማ ነው። የማንም እጅ አይደለም፣ በቃ! ከሹራቤ ክር ተረተርኩና ጫፉ ላይ የሳሙና ቁራጭ አሰርኩ። ሰዓት ያለው ጥበቃው ብቻ ነው።

በመስኮቱ አጮለቀ። «ምንድን ነው እሱ? ድግምት?»

«ፊዚክስ ነው። ሜትር ልናወጣ ነው። ንጉሥ የጣሉ አብዮተኞች ያመጡት።»

ትንሽ አሰበ። ከዚያ ሰዓቱን ወደ ዓይኑ አስጠግቶ መቁጠር ጀመረ።

«አንድ! ሁለት! አንቺ፣ ፈጠነ፣ አስረዝሚው!»

ሴቶቹ በጭብጨባ ያጅቡታል። ሳሙናው ከቁጥሩ ጋር ሲገጥም እልል ተባለ፤ ጥበቃው ራሱ ሳቁን መዋጥ አቃተው።

ክሩን ለሁለት አጥፈን ለእያንዳንዷ ግማሽ ሜትር ለካን። በሩ ጋ ስንደርስ አንድ ሰው የሚያስተኛ ቦታ ተረፈ። አብዛኛው የተገኘው ከእትዬና ከወዳጆቻቸው መኝታ ነው።

እትዬ መዳፋቸውን ገልበጥ አድርገው አዩት። «የዋሸው እጄ ነው፤ እኔ የለሁበትም!»

ብለውም ጋቢያቸውን ራሳቸው አነጠፉላት። «ነይ ልጄ፣ እግርሽን ዘርጊ።»

ዘረጋችው። ፀሐይ ሳትጠልቅ አንኮራፋች፤ ያውም እንዴት ያለ ማንኮራፋት! የቀሰቀሳት የለም።

አሁን ሰዎች ስለ እስር ሲጠይቁኝ ፊታቸውን አስቀድመው ለሐዘን ያዘጋጃሉ። የሚያሳዝነውም ሞልቷል፤ እነግራቸዋለሁ። የምጀምረው ግን ከዚያች ሴት እንቅልፍ ነው።