የኅዳር ሚካኤል ቀጠሮ

አንድ ተራ የሥራ ቀን ምን እንደሚያስወጣኝ ልንገራችሁ። ለባጃጅ የመሄጃና የመመለሻ። ልጄን ለምታቆይልኝ ለሃጀር፣ ብር አልቀበልም ስለምትል፣ ሽንኩርት ወይም ድንች። ከዚያ ደግሞ ድምፄ አለ። ቀኑን ሙሉ «ካርድዎን ይዘዋል?» ስል ውዬ ማታ ለብሥራት የሚተርፈው ሹክሹክታ ነው። ሁለት ዓመት ያልሞላው ልጅ እሱም በሹክሹክታ ይመልስልኛል።

ፀደይ እባላለሁ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ እንጅባራ ባለ አንድ የግል ክሊኒክ ካርድ ክፍል ገባሁ። ቀጠሮ የምይዘው እኔ ነኝ። የማህፀን ሐኪማችን ከባሕር ዳር የሚመጣው በየሁለት ሳምንቱ ስለሆነ የእሱ ቀን ያመለጠው ሌላ ሁለት ሳምንት ይጠብቃል። እሱ ቀኑን ካርድ ላይ በፈረንጅ ይጽፋል፤ እኔ ወደ እኛ አቆጣጠር መልሼ ለታካሚው እነግራለሁ። ሁለት ዓመት ስሠራ አልተሳሳትኩም ነበር።

በጥቅምት ስሜነሽ የምትባል ነፍሰ ጡር ከአዘና መጣች። የመጀመሪያ ልጇን በቀዶ ጥገና ነው የወለደችው። የአሁኑ ደግሞ ወሯ ገብቶ ሳለ ሆዷ ውስጥ አግድም ተኝቷል። ዶክተሩ «በሚቀጥለው ስመጣ ከሁሉም በፊት እሷን ነው የማየው፤ ምጥ ቤቷ እንዳይይዛት» አለኝና ካርዷ ላይ «ኖቬምበር 12» ብሎ ጻፈ። ያን ቀን ወረፋው ደጅ ድረስ ነበር። ኖቬምበርን ኅዳር አደረግኩና 12ን እንዳለ ተውኩት።

«ኅዳር 12 ነው» ስላት ፊቷ በራ።

«በይ እንግዲህ፣ ኅዳር ሚካኤል ያገናኘን።»

«አሜን» አልኳት፣ ቀና እንኳ ሳልል።

ኅዳር 2 ቀን ጠዋት ኃላፊያችን «ለሚካኤል ዝግ መሆናችንን ጽፈሽ ለጥፊ» አለችኝ። «ኅዳር 12» ብዬ እንደጻፍኩ እስክሪብቶዬ ቆመ። የስሜነሽ ምርቃት ጆሮዬ ላይ መጣ። ካርዷን አወጣሁ። ኖቬምበር 12 ማለት ለእኛ ኅዳር 3 ነው። ነገ ማለት ነው።

የተመዘገበላት ስልክ አዘና ላይ ሱቅ ያላቸው የጋሽ ሸዕባን ነው። ኔትወርክ እንቢ አለኝ። ግቢው ውስጥ ወዲያና ወዲህ ስል በአምስተኛው ጠራ።

«ጋሽ ሸዕባን፣ ከእንጅባራ ክሊኒክ ነኝ። ስሜነሽ የምትባል ነፍሰ ጡር በእርስዎ ስልክ ተመዝግባለች።»

«የአሳምነው ሚስት ናት። አገሩ ሁሉ በእኔ ስልክ ነው የሚታከመው።»

«ቀጠሮዋ ነገ ነው። ተሳስቼ ለሚካኤል ብያታለሁ።»

«አንቺ ልጅ፣ ሰው አንድ ቀን ሁለት ቀን ይሳሳታል። ዘጠኝ ቀን?»

«ዘጠኝ ቀን፣ ጋሼ።»

«በይ አትዝጊው።» ከዚያ ድምፃቸው ራቅ አለ፤ «አሳምነውን ያያችሁ!» ሲሉ ይሰማኛል። ስንት ደቂቃ እንደቆምኩ አላውቅም። ተመለሱና «ወፍጮ ቤት ነው። ሱቁን ዘግቼ ራሴ እሄዳለሁ፤ እህሉን ትቶም ቢሆን ነገ ያመጣታል» አሉኝ።

በማግስቱ ገና በሩን ስከፍት ስሜነሽ በባሏ ክንድ ተደግፋ ደረሰች።

«ሚካኤልን አስቸኮልሽው?» አለችኝ።

ይቅርታ ልላት አፌን ስከፍት ወገቧን ያዘች። ምጥ ጀማምሯት ነበር። ዶክተሩ አያት፣ አምቡላንስ ተጠራ፤ ሳይመሽ ሆስፒታል ውስጥ በቀዶ ጥገና ሴት ልጅ በሰላም ተገላገለች። ዜናውን ስሰማ ካርዶቹ መሃል ተቀምጬ አለቀስኩ። ከዚያ ተነሥቼ ቀጣዩን ታካሚ ጠራሁ፤ ድምፄም ያን ቀን ለብሥራት ተረፈ።

ኅዳር 12 ጠዋት ስልኬ ጮኸ።

«ስሜነሽ ዛሬ ቀጠሮ አላት አይደል? ልላካት?» አሉ ጋሽ ሸዕባን። ሳቃቸው ሱቁን ሲሞላው ይሰማል።

አሁን ከቀኑ ጎን በዓሉን ወይም የገበያውን ቀን እጽፋለሁ፤ ታካሚውንም «መቼ ነው ያልኩዎት?» ብዬ እጠይቃለሁ። ወረፋ ሲበዛ ግን እኔም እቸኩላለሁ። ስለዚህ እናንተም ለቀጠሮ ስትመጡ አንድ ነገር አድርጉልኝ፤ ከመስኮቱ ከመሄዳችሁ በፊት ቀኑን በአፋችሁ መልሳችሁ ንገሩኝ፣ ቀና ብዬ እስካያችሁም ድረስ አትሂዱ።