«እኔን!» ብዬ የሮጥኩበት ባሕር

ወይ እናንተ! ይቺ የአቃቂ በረዶ ቆርቆሮውን ስትደበድበው ባጃጃችሁን ጥላችሁ ከጣሪያ ስር የምትሸጎጡ ልጆች፣ እኔ የነበርኩበትን አገር ብታዩ ምን ልትሆኑ ነው? እስክታባራ ድረስ አንድ የአደን ጉድ ላጫውታችሁ። ድብ አለበት ወይ ብላችሁ እንዳታቋርጡኝ፣ ድብ የለበትም። እኔን ያስፈራኝ ሌላ ነው።

መካኒክነቱን የተማርኩት እዚሁ አቃቂ ጋራዥ ነው። ከዚያ መርከብ ላይ ተቀጥሬ ስዞር ስዞር፣ ግሪንላንድ የምትባል የዓለም ጫፍ ላይ ያለች የበረዶ አገር ገባሁ። እዚያ ምን ሥራ ያዝኩ መሰላችሁ? ፍሪጅ ጥገና! ሳቁ፣ ሳቁ፤ እኔም ስቄያለሁ። ኋላ ነው የገባኝ። የመንደሩ ሰው ድሮ ሥጋውን የሚያኖረው መሬት ቆፍሮ ነበር፤ መሬቱ ራሱ በጋ ከክረምት በረዶ ነዋ! አሁን ሙቀቱ ጨምሮ ጉድጓዱ ውኃ ያቁራል፣ ሥጋው ይሸታል። እንግዲህ እኔን ያስቀጠረኝ የዓለም ሙቀት ነው ማለት ነው።

ጎረቤቴ ማሊክ የሚባሉ ሽማግሌ አዳኝ ነበሩ። ስማቸውን ስሰማ የወሎ ሰው ያገኘሁ መስሎኝ «አሰላሙ አለይኩም!» ብዬ ዘልዬ ጨበጥኳቸው። ለካ ማሊክ በእነሱም አገር የሰው ስም ነው። ምን እንዳልኩ ባይገባቸውም አጨባበጤ ደስ አላቸውና ወዳጅ ሆንን። በተሰባበረ እንግሊዝኛ እየተግባባን፣ እኔ ጋሼ ማሊክ እያልኩ።

የዚያን ዓመት ጉድጓዳቸው ያለ ወጉ ቀለጠና ያጠራቀሙት ሥጋ በሙሉ ተበላሸ። ፍሪጅ ልጠግንላቸው እችላለሁ፣ ግን ውስጡ የሚገባ ነገር የለም። የውሾቻቸው የጎድን አጥንት ይቆጠር ጀመር። ልክ ወራት ሙሉ የሚጨልመው ክረምታቸው ሊወጣ ሲል፣ ፀሐይዋ ብቅ ማለት ስትጀምር፣ «ነገ ባሕሩ ላይ እንወጣለን። አንድ አቆስጣ ካልገደልኩ ውሾቼን በገዛ እጄ መግደሌ ነው» አሉኝ። አቆስጣ ማለት ፊቷ ውሻ የሚመስል፣ ሰውነቷ ድብልብል ያለ የባሕር አውሬ ናት፤ ሙቀት ስታገኝ በረዶው ላይ ወጥታ ትተኛለች።

ባሕር ስላችሁ ጀልባ እንዳይመስላችሁ። የረጋ ባሕር ነው፣ እንደ አስፋልት የሚኬድበት። ውሾቹ ጎማ የሌለው ጋሪ ይጎትታሉ፣ ጋሼ ማሊክ ከፊት እየሄዱ እኔ በሳልኩላቸው ሹል ብረት ዘንግ በረዶውን ይወጉታል። ዘንጉ ከነጠረ ወደፊት፤ ከሰመጠ ዙሪያ ጥምጥም ነው። «በዚህ ወር አባቴ እዚህ ጋ ዓይኑን ጨፍኖ ነበር የሚነዳው» እያሉ ያጉረመርማሉ።

ጥቁር ነገር ከሩቅ አየን። አቆስጣ! ጋሼ ማሊክ ዘንጉን እኔ ዘንድ ተዉት፤ በረዶ ሲወጋ ድምፁ አውሬዋን ያስደነግጣላ። አውሬዋ በረዶ እንዲመስላት ነጭ ጨርቅ በእንጨት ወጥረው፣ ጠመንጃቸውን ይዘው፣ ከጨርቁ ጀርባ በደረታቸው መሳብ ጀመሩ። «አንተ የጋሪውን ገመድ ይዘህ ከውሾቹ ጋር ቆይ። ምንም ቢመጣ እንዳትጠጋኝ» አሉኝ።

ትንፋሼን ውጬ ሳይ ነጩ ጨርቅ ዘመም አለ። ቀጥሎ ጋሼ ማሊክ የሉም! ጧ የሚል ነገር እንኳ አልሰማሁም፤ እርጥብ ጨርቅ ሲቀደድ ዓይነት ድምፅ ብቻ። ከታች ሞቅ ያለው ውኃ በረዶውን በልቶት፣ ከላይ ያለው ሽፋን አሞኝቶን ኖሯል።

እንግዲህ ሽማግሌ ወድቆ እኔ ቆሜ ልይ? አስተዳደጌ ይፈቅዳል? «እኔን!» ብዬ ገመዱን ወርውሬ በሩጫ! ጋሼ ማሊክ ከውኃው ውስጥ እጃቸውን ያወናጭፋሉ፣ እኔ «ቶሎ ድረስ» ያሉኝ መስሎኝ ባሰብኝ። ለካ አትምጣ ነው የሚሉት! ልደርስ ትንሽ ሲቀረኝ በረዶው ከስሬ ከዳኝና እስከ ወገቤ ገባሁ። ቅዝቃዜ ሳይሆን እሳት ነው የመሰለኝ። በእኔና በሳቸው መካከል ቡፍ ብላ ማን ብቅ ትበል? አቆስጣዋ! በዚያ ክብ ዓይኗ እኔን አየች፣ እሳቸውን አየች፣ አስነጠሰችና ተመልሳ ገባች። አዳኞቹን ታዝባን ሄደች!

«በሆድህ! በሆድህ ተጋደም!» አሉ ጋሼ ማሊክ። ደረቴን በረዶው ላይ ዘርግቼ፣ እግሬን እያንፈራገጥኩ ወጣሁ። እንደ እንሽላሊት ወደ ኋላ ተሳብኩና የጣልኩትን ገመድ ከዘንጉ ጋር አስሬ፣ እንደተጋደምኩ አንሸራተትኩላቸው። ያዙት። የገመዱ ሌላ ጫፍ ጋሪው ላይ ታስሯል፣ የቀረው የውሾቹ መጎተት ብቻ ነው። «ሳበው!» አልኩ እንደ ታክሲ ረዳት። ቁጭ ብለው ያዩኛል። «ኧረ ሳበው፣ በእናታችሁ!» ወይ ፍንክች! የጋሼ ማሊክ ከንፈር ሰማያዊ ሆኗል፤ ሞቱብኝ ብዬ አለቀስኩ። ያኔ እሳቸው ጥርሳቸው እየተንገጫገጨ አንዲት ቃል በቋንቋቸው ጮኹ፣ ውሾቹም ብድግ ብለው እየጎተቱ አወጧቸው።

ጋሪው ላይ የያዝነውን ደረቅ ልብስ ቀይረን እየተንቀጠቀጥን ሳለ «ያ የጮህከው ነገር ምንድን ነው?» አሉኝ። እኛ አገር ሰው ሲወድቅ፣ በአንተ ፋንታ እኔ ልውደቅ ማለታችን ነው ብዬ አስረዳኋቸው። «ጥሩ ቃል ነው» አሉ። «በረዶ ላይ ግን ተጋድመህ በለው።»

ባዶ እጃችንን ተመለስን። ደግነቱ መንደርተኛው ሲሰማ፣ አንዱ አዳኝ የገደላትን አቆስጣ ግማሽ ለጋሼ ማሊክ ውሾች ቆርጦ ሰጠ፤ ወጋቸው ነው። እኔም ከዚያ ወዲህ፣ ሰው ሲወድቅ ሳይ መጀመሪያ የምረግጠውን አያለሁ። ባለፈው ሐምሌ እትዬ ሙሉ እዚህ ጭቃ ላይ ሲወድቁ እኔ በሆዴ ተዘርግቼ ዱላ ሳቀብላቸው አበደ ብላችሁ የሳቃችሁት ለዚህ ነው።

ሰሞኑን ጋሼ ማሊክ ደወሉ። «ዘንድሮ ባሕሩ ጭራሽ አልረጋም» አሉኝ። «ውሾቹን ለሰው ሰጠሁ። መሪዋ ውሻ ብቻ ደጄ ላይ ቀርታለች።» ሳላስበው «እኔን!» አልኩ። «ተጋድመህ ነው ያልከው?» አሉኝ።

እኔ ቆሜ ነበር። ገላን ኮንዶሚኒየም፣ ሳሎኔ ወለል ላይ በሆዴ ተጋደምኩና፣ «አዎ ጋሼ» አልኳቸው።