ሁለት ተብሎ የተጻፈው ጅማት

ኦፕሬሽን ክፍል ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት የሠራሁት ሥራ ሲናገሩት ቀላል ነው። ሐኪሙ ከታማሚው ጭን በስተኋላ፣ ከቋንጃው በላይ፣ ጅማት አውጥቶ ይሰጠኛል። እኔ በጎን ባለች ትንሽ ጠረጴዛ ላይ የተጣበቀበትን ሥጋ እፍቃለሁ፣ አጥፌ እደርበዋለሁ፣ ጫፍና ጫፉን በጠንካራ ክር እሰፋዋለሁ፣ ከዚያ ሰሌዳ ላይ ወጥሬ አቆየዋለሁ። ሳይወጠር የገባ ጅማት ውሎ አድሮ ይረግባል። በደንብ ያልተደረበና ያልተሰፋ ደግሞ የሰው ክብደት አይችልም። እጄ ጎበዝ ነበር። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም፤ የሆነው ነገር ሥራውን ካለማወቅ እንዳልመጣ እንዲታወቅልኝ ነው።

ፈረንሳይ ለጋሲዮን ከእኛ ቤት ሁለት ቤት ዝቅ ብለው የሚኖሩ አንድ የመሬት ቀያሽ አሉ። ጋሼ ነው የምላቸው። እንጀራቸው በእግራቸው ነበር፤ ከቀበና ወንዝ ዳር እስከ እንጦጦ ባሕር ዛፍ ድረስ ሜትራቸውንና ካስማቸውን ይዘው ሲወጡና ሲወርዱ ነው ያደግሁት። አባቴ የሞተ ጊዜ የነርስ ትምህርቴን ላቋርጥ ስል እናቴን ቁጭ አድርገው፣ “ልጅቷ ትጨርሳለች፣ በዚህ ላይ ክርክር የለም” ያሉት እሳቸው ናቸው። ጨረስኩም።

አንድ ክረምት እንጦጦ ላይ ጭቃ አንሸራተታቸውና ከተረከዛቸው በላይ አንድ ነገር ጧ ሲል ሰሙ። ወጌሻ ወለምታ ነው ብሎ አሻቸው። ሦስት ወር ሙሉ ሲያነክሱ ከርመው አንድ ቀን በራችን ላይ አገኘኋቸውና እግራቸውን ዳሰስኩት። ጅማቱ ሊኖርበት በሚገባው ቦታ ጣቴ ስርጉድ ብሎ ገባ።

“ጋሼ፣ ይሄ ወለምታ አይደለም፤ ተበጥሷል” አልኳቸው።

ወደምሠራበት ሆስፒታል ይዣቸው ሄድኩ። ብዙ ስለቆየ የተበጠሰው ጅማት ሁለት ጫፉ ተራርቋል፤ ጎትቶ ማገናኘት አይቻልም። ከራሳቸው ጭን ሌላ ጅማት ተወስዶ መተካት ነበረበት።

“አንቺ እዚያው ትኖሪያለሽ?” አሉኝ።

“ጅማቱን የምሰፋው እኔ ነኝ።”

“እንግዲያው አልፈራም።”

የኦፕሬሽኑ ዕለት ከወገባቸው በታች ደንዝዘው በሆዳቸው ተኝተዋል እንጂ ነቅተው ነበር። ሐኪሙ ጅማቱን አውጥቶ ሰጠኝ። ገና እጄ ላይ ሲያርፍ ነው የደነገጥኩት፤ የሳቸውን ያህል ቁመት ካለው ሰው እንዲህ ያለ ቀጭን ጅማት አልጠበቅሁም። ፍቄ፣ ሦስት ጊዜ አጥፌ በውፍረት መለኪያው ቀዳዳ ሳሳልፈው ሾልኮ ሄደ። ከጎኑ፣ በዚያው ቁስል በኩል ሊወጣ የሚችል ሁለተኛ ጅማት አለ። ሁለቱ ሲደረቡ ይበረታሉ። ቢበዛ ሩብ ሰዓት ቢፈጅ ነው።

“ዶክተር፣ ቀጭን ነው። ሁለተኛውን ብንጨምርበት?” አልኩ ድምፄን ዝቅ አድርጌ።

የግድግዳውን ሰዓት አየ። ስብሰባ እንዳለው ከጠዋት ጀምሮ ሲናገር ነበር። “ይበቃል፣ ሲስተር።”

“ተረከዝ እኮ ነው ዶክተር፣ ሙሉ ክብደታቸውን...”

“ይበቃል አልኩሽ!”

ወደ ሥራዬ ዞርኩ። በዚያች ጠረጴዛ ላይ የቻልኩትን ሁሉ አደረግሁ፤ ስፌቱን አበዛሁት፣ ክሩን አጠበቅሁት፣ ወጥሬ አቆየሁት። ግን ክር ጅማት አይሆንም። ይህን ከማንም በላይ አውቀዋለሁ።

ኦፕሬሽኑ እንዳለቀ ወረቀቱ ፊርማዬን ይጠብቅ ነበር። ሐኪሙ የሠራውን ጽፎ ፈርሟል። “ሁለት ጅማት ተወስዶ ተደርቧል” ይላል። ለስብሰባው ሲል አስቀድሞ ሞልቶት ይሁን፣ ወይስ አስቦበት፣ እስከ ዛሬ አላውቅም። ከሥሩ የነርሷ ቦታ ነው። ሐኪሙን እፈራው ነበር። ምናልባት ይይዝ ይሆናል ብዬም ራሴን አታለልኩ። ፈረምኩ።

ጋሼ የታዘዙትን አንድም አላጓደሉም። ጄሶው ሲወጣ ጫማቸው ውስጥ ከፍ ያለ ታኮ አስገብተው፣ ከግድግዳ ጋር ቆመው፣ የተባሉትን እንቅስቃሴ ቆጥረው ይሠሩ ነበር። በአምስተኛው ወር ከቤታቸው ወደ ሚኒባሱ በሚወስደው ቁልቁለት ላይ፣ ያውም በዝግታ ሲራመዱ፣ እዚያው ቦታ እንደገና ተበጠሰ።

ሐኪሙ ለቤተሰቡ፣ “ቸኩለዋል፤ ዳገት ቁልቁለት ያበዛ ሰው እንዲህ ይሆናል” አላቸው። ትልቋ ልጃቸው አላመነችም፤ አቤቱታ አስገባች። ሆስፒታሉ ያስቀመጣቸው ሦስት አጣሪዎች ጠሩኝ። አንደኛው ወረቀቱን ወደኔ ገፋ አድርጎ ጠየቀ።

“የተሠራው እዚህ እንደተጻፈው ነው?”

“አዎ” አልኩ።

ከዚያች ቃል ሌላ አልጠየቁኝም። ስወጣ ጋሼ ክራንቻቸውን አስደግፈው ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። “አይዞሽ ልጄ፣ አንቺንም አስቸገርንሽ” አሉኝ።

ሁለተኛውን ኦፕሬሽን ሌላ ሆስፒታል ተሠሩ። ከዚያ በኋላ አንድ እሑድ ረፋድ ላይ፣ እናቴ ቤተ ክርስቲያን ሳለች፣ በራችንን አንኳኩ። ወንበር ሰጠኋቸው፤ አልተቀመጡም።

“አዲሱ ሐኪም ምን አለኝ መሰለሽ? ‘ዕድለኛ ነዎት፤ በዚያው በታመመው እግርዎ ያልተነካ ጅማት አገኘሁ፤ እሱን ተጠቀምኩ’ አለኝ። የመጀመሪያው ወረቀት ግን ሁለቱም ተወስደዋል ይላል። የአንቺም ፊርማ አለበት።”

“አንድ ነው የተወሰደው፣ ጋሼ። ቀጭን ነው ብዬ ነበር። ይበቃል አለኝ።”

“ሰምቼዋለሁ” አሉ። “ሁለት ጊዜ ይበቃል ሲል ሰምቻለሁ። ሥራው አምሮ ያለቀ መስሎኝ እዚያው ተኝቼ እግዚአብሔርን አመስግኛለሁ።”

“ይቅር ይበሉኝ። ፈርቼ ነው።”

“ፍርሃቱስ ይገባኛል። ስትጠየቂ ግን አዎ አልሽ። እኔ ውጭ ተቀምጬ ነበር።” ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። “ባለቤቴ ስንት ወር ሙሉ ‘እግርህን በገዛ እጅህ አጠፋኸው’ ስትለኝ ከረመች። እኔም አመንኳት። ያን ቀን እንዴት እንደረገጥኩ፣ የትኛውን እግሬን እንዳስቀደምኩ ሳስብ ነው የኖርኩት።”

ክራንቻቸውን አስተካክለው ወጡ። ልደግፋቸው እጄን ስዘረጋ በክርናቸው መለሱኝ።

በነጋታው የሆነውን ሁሉ ጽፌ ለሆስፒታሉ ኃላፊ ሰጠሁ። ከሳምንት በኋላ ጠራኝና፣ “ይሄ ጉዳይ ተዘግቷል፤ አንቺም የፈረምሽው ወረቀት ነው፤ ራስሽን ችግር ውስጥ ታስገቢያለሽ” አለኝ። በወሩ ወደ ቁስል ማጠቢያ ክፍል አዛወሩኝ። ሐኪሙ ዛሬም ይሠራል። ኮሪደር ላይ ሲያገኘኝ፣ “ሲስተር፣ እንዴት ነሽ?” ይለኛል፤ ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ።

የጋሼ ሁለተኛው ስፌት ይዟል። ግን ባታቸው ሟሟ፣ በከዘራ ነው የሚሄዱት፤ እንጦጦ የሚያወጣቸው ሥራ ለሌላ ሰው ተሰጥቶ እሳቸው ካርታ የሚቀመጥበት ክፍል ውስጥ ይውላሉ። ጠዋት ጠዋት መንገድ ላይ እንገናኛለን። ቆመው፣ ባርኔጣቸውን ነካ አድርገው፣ “እንደምን አደሩ” ይሉኛል። በሕፃንነቴ ያዘሉኝ ሰው አንቱ ብለውኝ ያልፋሉ።

እናቴ አንድ ቀን ይህን ሰምታ ሳቀች። ቀልድ መስሏት ነበር። ሲደጋገም ግን፣ “ምን አድርገሽው ነው?” ብላ ጠየቀችኝ። ሥራ በዝቶብኝ ጠፍቼባቸው ነው አልኳት። አላመነችኝም መሰለኝ፤ ግን ደግማ አልጠየቀችኝም፣ እኔም አልነገርኳትም።