ኢክራምን ለመሸኘት ኤደን ድረስ

ማክሰኞ፣ ከንጋቱ አስራ አንድ ሰዓት፤ ኮምቦልቻ

ዝናብ እየወረደ ነው። ሐምሌ ገብቷል፣ ትምህርት ቤት ተዘግቷል። በባቲ በኩል ወደ ጅቡቲ በሚወርድ የጭነት መኪና ጋቢና ውስጥ ከሾፌሩ ጎን ተቀምጫለሁ። ጉልበቴ ላይ አንድ የሸራ ቦርሳ አለ። በውስጡ ሁለት ሸሚዝ፣ አንድ ኪሎ በሶ፣ ፓስፖርቴ እና ለማንም ያላሳየሁት አንድ ወረቀት ይዣለሁ።

ነገሩን ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። የጂኦግራፊ አስተማሪ ነኝ። ከአስራ ሁለት ዓመት በፊት ደሞዜ አራት ሰው መመገብ ሲያቅተው ባለቤቴ ዘህራ ለቤት ሠራተኛነት የመን ሄደች። ኤደን ከተማ ውስጥ ሐጃ ኑር የሚባሉ ብቸኛ አሮጊት ቤት ገባች። ሐጃ ኑር ዕድሜያቸውን ሙሉ ሒሳብ ያስተማሩ ሴት ናቸው። ዓመት ሲሞላት «ልጅሽን አስመጫት፣ እኔ አስተምራታለሁ» አሏት፤ የስምንት ዓመቷን ኢክራምን ላክናት። ለሁለት ዓመት ብቻ ተባብለን ነበር፤ አስራ አንድ ሆነ። እኔ አልጋ ላይ የዋለች እናቴን ትቼ መሄድ አልቻልኩም። በዚህ ሁሉ ጊዜ ልጄን ያየኋት ሁለቴ ነው። ሁለተኛው ሲሆን አስራ ሦስት ዓመቷ ነበር።

ባለፈው ሰኔ ዘህራ ደወለች። ኢክራም ህንድ አገር ነጻ የትምህርት ዕድል አግኝታለች፤ የውሃ ምህንድስና ልትማር ነው፤ አራት ዓመት ትቆያለች። «እናትህም አኼራ ሄደዋል፣ ከእንግዲህ ምክንያት የለህም። መጥተህ ልጅህን ሸኛት» አለችኝ።

እሺ አልኳት። እውነቱን ለመናገር ግን የምሄደው ልሸኛት አልነበረም። ደሴ አንድ ኮሌጅ ውስጥ ቦታ አስይዤላት፣ የመመዝገቢያውን ቅጽ ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ነበር። አስራ አንድ ዓመት ለሰው አገር ሰጥቻታለሁ፣ አሁን ተራው የኔ ነው ብያለሁ።

ባቲን አልፈን ቆላው ሲጀምር ሾፌሩ ለምን እንደምሄድ ጠየቀኝ። ልጄን ላመጣ ነው አልኩት። ዕድሜዋን ጠየቀኝ፤ አስራ ዘጠኝ አልኩት።

«የአስራ ዘጠኝ ዓመት ሰው ዕቃ አይደለም መምህር፣ ጭነህ አታመጣውም» አለ። ሚሌ እስክንደርስ ቦርሳዬን አጥብቄ እንደያዝኩ ነበር።

ሐሙስ፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት፤ ኤደን

ከጅቡቲ ኤደን በአውሮፕላን አንድ ሰዓት አይሞላም። በመስኮት ቁልቁል አየሁ። ባህር፣ ጨው የደረቀበት ሜዳ፣ ከባህሩ ውስጥ ብቅ ያለ ጥቁር ተራራ፤ ተራራው መሐሉ ተቦርቡሮ ከተማ ጉድጓዱ ውስጥ ተቀምጧል። ሃያ ዓመት ጥቁር ሰሌዳ ላይ ስስለው የኖርኩት ቦታ እንዲህ ያምራል ብዬ አስቤ አላውቅም።

ከአውሮፕላን ማረፊያው ስወጣ ሙቀቱ ፊቴን እንደ ምድጃ ወላፈን ገረፈኝ። ዘህራን ወዲያው ለየኋት፤ ቀጥናለች፣ አረማመዷ ግን ያው ነው። ከጎኗ መነጽር ያደረገች፣ ከእኔ የምትረዝም፣ ጥቁር ዓባያ የለበሰች ወጣት ቆማለች። የሐጃ ዘመድ መስላኝ ጨበጥኳት። እሷ ግን ጎንበስ ብላ ጉልበቴን ሳመች።

«አባ፣ እንኳን ደህና መጡ» አለችኝ።

በቤታችን አባት «አንተ» ነው የሚባለው። «መጡ» ያለችኝ ከክብር እንደሆነ አውቃለሁ፤ ያም ሆኖ የማታውቀውን እንግዳ የምትቀበል መሰለኝ።

ተራራው ጉድጓድ ውስጥ ወዳለው ክሬተር ሰፈር የወሰደን «ደባብ» የሚሏት ትንሽ ሚኒባስ ናት፤ ለአንድ ሰው ሃያ ሪያል። ሾፌሩ ጉንጩን በጫት የወጠረ፣ ከተማው ዳር ከተሠራው አዲሱ ኢንማ ከተማ የሚኖር ሰው ነው። ከዘህራ ጋር ሲጨዋወት ኢክራም ህንድ ልትሄድ መሆኑን ሰማ፤ ከዚያ በመስታወቱ እያየኝ በዓረብኛ አንድ ነገር ጠየቀኝ። ኢክራም ተረጎመችልኝ፤ ሴት ልጅን ያን ያህል ርቀት መላክ ለአባት ምን ይመስላል ነው የሚለው። ሙቀቱ ከብዶኛል በይው አልኳት። እሷም ነገረችው፤ ሰውዬው ሳቀ፣ ሌላ አልጠየቀም።

መንገዱ በተሰነጠቀው ጥቁር ዐለት መሐል ያልፍና ክሬተር ይገባል። የጨርቅ መደብሮች፣ ወርቅ ሠሪዎች፣ የቅመም ጆንያዎች፣ ጠረጴዛ ላይ የተጋደሙ ክንድ የሚያህሉ ዓሣዎች፣ ሽርጥ ያገለደሙ ወንዶች። ሻይ ቤቱ በር ላይ ወተትና ሄል አብረው የሚፈሉበት ትልቅ ድስት። የሐጃ ኑር ቤት ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ደረጃው ጠባብና ጨለማ ነው። ሐጃ ሰማንያን የተጠጉ፣ ቀጥ ብለው የሚቀመጡ ሴት ናቸው። ግድግዳው ላይ ያለውን መብራት እስከ ዛሬ፣ እንደ እንግሊዞቹ ዘመን፣ «ላይት» ይሉታል። ከሰላምታ በኋላ በዘህራ አስተርጓሚነት በመጀመሪያ የጠየቁኝ፣ ልጄ በስምንት ዓመቷ ስትመጣ የማካፈል ስሌት ማን እንዳስተማራት ነው። እኔ ነኝ አልኩ። «ጥሩ አድርገህ ነው ያስተማርካት» አሉ። ከትምህርት ተቆጣጣሪ ጥሩ ሪፖርት የሰማሁ ያህል ደስ አለኝ።

ሐሙስ፣ ከቀኑ አስር ሰዓት፤ ጣሪያው ላይ

ዘህራ የታጠበ ልብስ ልታሰጣ ጣሪያ ስትወጣ ተከተልኳት። ከውሃው ታንከር አጠገብ ሆኜ ቅጹን አወጣሁ። እጇን በቀሚሷ ጠራርጋ እስከ መጨረሻው አነበበችው።

ትቆጣለች ብዬ ጠብቄ ነበር፤ አልተቆጣችም። ኮሌጁ ጥሩ እንደሆነ ጠየቀችኝ። ጥሩ ነው አልኳት። ልጅቷ አጠገቤ አራት ዓመት ብትቀመጥ ምን ነበረበት፣ እኔ ሳላውቃት አደገች፣ ሳላውቃት ደግሞ ልታረጅ ነው ወይ አልኳት። ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር መሰለኝ፣ ዘህራ ወደ ደረጃው አየች።

«ቅሪ ካልካት ትቀራለች» አለች ቀስ ብላ። «አንተን እምቢ አትልህም፤ እንዲያ አድርጌ ነው ያሳደግኳት። ይህን አውቀህ ጠይቃት።»

ወረቀቱን መለሰችልኝና ልብሷን ማስጣት ቀጠለች። መዳፏ ጠንክሮ መሰነጣጠቁን ያኔ ነው ልብ ያልኩት፤ ከምን እንደሆነ ስጠይቃት ነገረችኝ። እዚህ ሰፈር ውሃ የሚመጣው በሌሊት ነው፤ ግፊቱ ደካማ ስለሆነ ጣሪያ አይደርስም። ዘህራ አስራ ሁለት ዓመት ሙሉ እየተነሳች ከታች በጀሪካን ስታወጣ ኖራለች። ይህን በአንድም ደብዳቤ አልጻፈችልኝም።

ዐርብ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት፤ አሽ-ሸዕብ

ዐርብ ከሰዓት የቤት ሠራተኞች የዕረፍት ጊዜ ነው። ከከተማው ምዕራብ አሽ-ሸዕብ በሚባለው ሰፈር አንዲት የሐይቅ ልጅ የተከራየችው ቤት አለ፤ ሴቶቹ ኢክራምን ሊመርቁ እዚያ ተሰብስበው ጠበቁን። ወደ ሃያ ይሆናሉ፤ ከባቲ፣ ከከሚሴ፣ ከወረባቦ፣ ከቃሉ የመጡ። እኔን ፍራሹ ዳር ትራስ ደርበው አስቀመጡኝና የአገሩን ዝናብ፣ የእህሉን ዋጋ፣ ማን እንደሞተ ጠየቁኝ።

ከዚያ ስለ ልጄ ማውራት ጀመሩ። አንዷ የመኖሪያ ወረቀቷን፣ ኢቃማዋን፣ ኢክራም እንዳስታደሰችላት ነገረችኝ። ሌላዋ ደሞዝ ስትከለከል ኢክራም በዓረብኛ ያረቀቀችላትን ደብዳቤ ይዛ እንደሄደች አወራች። የአስራ አራት ዓመት ልጅ ሳለች ነው የጀመረችው፤ ዐርብ ዐርብ በሩ አጠገብ ትቀመጣለች፣ ሴቶቹ ወረቀታቸውን ይዘው ይሰለፋሉ። ከሁሉም በዕድሜ የምትበልጠው እቴ ሉባባ ወደ እኔ ዞራ፣ «መምህር፣ እኛ ማንበብ የማንችለው በእሷ ዓይን ነው ያነበብነው» አለችኝ።

ዱዓ ተደረገ። ሉባባ ስትመርቅ ሃያው ሴት በአንድ ድምፅ አሚን ይላል። «የሄድሽበት ይቅናሽ፣ አላህ ከክፉ ዓይን ይሰውርሽ፣ የወላጆችሽን ልፋት ፍሬ ያብዛልሽ» ስትል ቦርሳዬ ውስጥ ያለው ቅጽ ትዝ አለኝ። ኢክራም መሐላቸው ተንበርክካ አንገቷን ደፍታለች። ከኋላ ሳያት የእናቴ አንገት ነው ያላት።

ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት፤ ክሬተር

ኢክራም ፀሐይ ሳይበረታ አንድ ቦታ ላሳይዎት ብላ ይዛኝ ወጣች። መንገድ ላይ ሻይ በወተትና «ኸሚር» የሚሉትን የተጠበሰ ዳቦ ገዛችልኝ፤ ልክፈል ብላት አልሰማችኝም። የሄድነው ከተራራው ሥር ወዳሉት ጥንታዊ የውሃ ማጠራቀሚያዎች ነው፤ «ሰሃሪጅ» ይሏቸዋል። ከዐለቱ የተፈለፈሉ፣ አንዱ ከአንዱ በላይ የተደረደሩ ግዙፍ ገንዳዎች ናቸው። አሁን ደረቅ ናቸው።

እየመራችኝ ደረጃውን ወጣን። እዚህ አገር ዝናብ ስንት ዓመት ጠፍቶ፣ ሲመጣ በአንድ ቀን ጎርፍ ሆኖ ይመጣል አለችኝ። የጥንት ሰዎች ጎርፉን በላይኛው ገንዳ ተቀብለው ጭቃውን ያስቀሩና የጠራውን ወደ ታችኛው ያሳልፉ ነበር። በእጇ ቁልቁለቱን እያሳየች፣ ድንጋዩን እየነካች፣ የውሃውን መንገድ በጣቷ እየሳለች አስረዳችኝ። ሃያ ዓመት አስተምሬያለሁ፤ እንዲህ ያለ ትምህርት ግን አልሰጠሁም። አንድ ጥያቄ ልጠይቃት ፈልጌ እንደ ተማሪ እጄን ላወጣ ምንም አልቀረኝም።

ጥላ ያለበት ቦታ ተቀመጥን። ደብቄ መሄድ አልቻልኩም፤ ቅጹን አውጥቼ ሰጠኋት፣ ለምን እንደመጣሁም ነገርኳት። አነበበችው። መነጽሯን አውልቃ በዓባያዋ ጠረገች።

«ከፈለጉ እቀራለሁ አባ» አለች።

ዘህራ ያለችው ደረሰ። አንድ ቃል ብናገር ልጄ የኔ ነበረች። አንቺስ ምንድን ነው የምትፈልጊው ብዬ ጠየቅኳት።

«እማ ለውሃ ሌሊት ሌሊት እንዳትነሳ ነው የምፈልገው» አለች። «እሷ ብቻ አይደለችም፤ በየፎቁ የሚነሱት ሁሉ።»

ደረቁን ገንዳ ሳይ ቆየሁ። አጠገቤ ባሳድጋት ኖሮ ይህችን ልጅ አላገኛትም ነበር፤ ይህን ማመን ከበደኝ፣ ግን እውነት ነው። ሂጂ አልኳት። ያለ ቅሬታ ሂጂ፣ ከልቤ ነው አልኳት። ቅጹን ልቀበላት እጄን ስዘረጋ አጥፋ የራሷ ቦርሳ ውስጥ ከተተችው።

«አልሰጥህም። አንተ ለእኔ ብለህ ያመጣኸው ነው» አለችኝ።

አንተ ማለቷን እሷ ልብ አላለችውም።

እሑድ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት፤ ኾርመክሰር አውሮፕላን ማረፊያ

ሐጃ ኑር ደረጃ መውረድ ስለማይችሉ ስንብቱ እዚያው ቤታቸው ውስጥ ሆነ። አላለቀሱም፣ አላቀፏትምም። ወንበራቸው ላይ ቀጥ ብለው ፓስፖርት፣ ቲኬት፣ የትምህርት ዕድሉ ደብዳቤ፣ የክትባት ካርድ እያሉ ጠሩ፤ ኢክራም እያንዳንዱን እያወጣች አሳየች። ሲያልቅ «ፊ አማኒላህ»፣ በአላህ ጥበቃ ሁኚ፣ አሉና ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። ዝቅ ያለ ሳላቸውን ደረጃው አጋማሽ እስክንደርስ እሰማ ነበር።

አውሮፕላን ማረፊያው በር ላይ ዘህራ የልጇን ሻሽ አስተካከለች፣ እንደገና አስተካከለች። ውሃውን አፍልተሽ ጠጪ፣ ሽንት ቤት በነጠላ ጫማ ግቢ፣ ጁምዓ ጁምዓ ደውዪ። የእናትነት ምክር ሁሉ ይኸው ነበር። ኢክራም አንገቴን አቅፋ ሳመችኝ። ትከሻዋን መታ መታ አደረግኳት።

ሻንጣዋን እየጎተተች ገባች። ዞር ብላ አላየችንም። ሌሎቹ ተጓዦች ሁሉ እየዞሩ እጃቸውን ያውለበልባሉ፣ እሷ ብቻ ቀጥ ብላ ሄደች። ከፍቶኝ ዘህራን አየኋት።

«እኔ ነኝ እንዳትዞሪ ያልኳት» አለች። «ብትዞር አልለቃትም ነበር።»

በደባቧ ስንመለስ አንድ ነገር ለመንኳት፤ አሁን አብረን ወደ አገራችን እንግባ። ሐጃን በዚህ ዕድሜያቸው ጥላ እንደማትሄድ ነገረችኝ። ልጄን ሰው ያደረጉልኝ እሳቸው ናቸው፣ እስከ መጨረሻቸው አብሬያቸው ነኝ አለች። ከሁለት ቀን በፊት ብትለኝ እጣላት ነበር። አሁን ግን ይህች ሴት ከማን ጋር እንደተጋባሁ ገና እያስተማረችኝ እንደሆነ ገባኝ። ትምህርት ቤት እስኪከፈት ስድስት ሳምንት አለ፤ እስከዚያ እዚሁ ነኝ አልኳት። ከነገ ጀምሮ ጀሪካኑን እኔ አወጣለሁ ስላት እጇን እጄ ላይ አድርጋ መስኮት መስኮቱን ታይ ጀመር።

ሰኞ፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት፤ የሐጃ ቤት

ስልኩ ሲጮህ ዘህራ ሽንኩርት እየከተፈች ነበር። ቢላዋውን እንደያዘች ሮጠች። አዎ፣ አልሐምዱሊላህ፣ በላሽ ወይ፣ ክፍልሽ መስኮት አለው ወይ። ሐጃ ከወንበራቸው በዓረብኛ ይጠይቃሉ፣ ዘህራ ታቀብላለች። ከዚያ ስልኩን ለእኔ ሰጠችኝ።

የልጄ ድምፅ ከሩቅ ይመጣል፤ ከጀርባው ደግሞ ቆርቆሮ ላይ እህል የሚፈስ የሚመስል ጩኸት አለ። ያ ምንድን ነው አልኳት።

«ዝናብ ነው አባ» አለች። «ከትናንት ጀምሮ አላባራም። ሰዎቹ ይማረሩበታል፣ እኔ ደጅ ቆሜ ዝናቡ ሲደበድበኝ ነበር ጠዋት፣ ልብሴ ሁሉ በስብሷል።» እየሳቀች ነበር። እንዲህ ስትስቅ ሰምቻት አላውቅም።

ስልኩ ተቋረጠ። ያለችውን ለዘህራ ነገርኳት። ወር ሙሉ የልጇን ሻንጣ ስታሰናዳ የከረመች ሴት፣ ከመድኃኒት እስከ መርፌና ክር ያልረሳች፣ ቢላዋዋን ይዛ ወለሉ መሐል ቆመች።

«ጃንጥላ አላስያዝኳትም» አለች። «እዚህ አገር ማን ጃንጥላ ያስባል።»

ከዚያ መሬት ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። እኔም አጠገቧ ተቀመጥኩ።