በፍልሰታ የተጠጣው ወተት

ሰሎክ ኮረብታ ናት። አናቷ ላይ በድንጋይ ግንብ የታጠረች ከተማ አለች፤ ግርጌዋ ላይ አንዲት ምንጭ። ቤልማራ የሚባለው አገርና ኦስታን የሚባለው አገር የሚጣሉት በእሷ ነው። የቡሬ ልጆች በስልካቸው ካርታ ፈልገው ሁለቱንም አገር እንዳጧቸው ይነግሩኛል። እኔ ምን ላድርግ? ካርታውን የሠራሁት እኔ አይደለሁም። የማወራው የተዋጋሁበትን ነው።

የሄድነው ሰላም ልናስከብር ነበር። ክፍላችን የግንቡን በር ይዞ ሁለቱን እንዲያለያይ ታዘዘ። ብዙም ሳንቆይ ኦስታኖች ኮረብታውን ዙሪያውን ከበቡት፤ እኛም ቤልማራ ከሆነው የከተማው ሕዝብ ጋር ውስጥ ቀረን። በሬዲዮ «ባላችሁበት ጽኑ» ተባልን። ከዚያ ሬዲዮውም ዝም አለ። ሰላም አስከባሪ እንሁን ተዋጊ የሚነግረን ጠፋ። ሲተኩሱብን ተኮስን።

የበሩ ኃላፊ አስር አለቃ ይበልጣል ነበር። የፈረስ ቤት ልጅ፣ ዲያቆን የነበረ፣ ሲቆጣ እንኳ ድምፁን ከፍ የማያደርግ ሰው። እኔ ምክትሉ ነበርኩ። የሚመራን መቶ አለቃ ገና በመጀመሪያው ውጊያ ስለወደቀ የሁላችን አለቃ ሃምሳ አለቃ ደሴ ሆነ፤ ቀልዱና ቁጣው የማይለይ የሽንዲ ሰው።

ፍልሰታ የገባችው በዚህ መሀል ነው። ጦር ሜዳ ያለ ሰው ባይጾምም ይቅር ይባላል ይላሉ። ፍልሰታን ግን እኛ አገር ሕፃን ሳይቀር ይጾማታል፤ እኛም ጾምናት። ይበልጣል እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ውሃ አይቀምስም ነበር። ከዚያ በኋላ የሚቀምሰውም ንፍሮ ነው፣ እሱም ከተገኘ።

በዚያው ሰሞን መትረየስ ተኳሻችን ጌታሁን ተመታ። የዱርቤቴ ልጅ ነው። የሞርታር ፍንጣሪ እግሩን ቀደደው፤ ቁስሉ መግል ያዘና መሽተት ጀመረ። የከተማው ሐኪም መድኃኒት ጨርሶ ነበር። «ታች ሆስፒታል ካልደረሰ ይሞታል» አለን። ታች ለመውረድ ደግሞ በኦስታኖች ምሽግ መሀል ማለፍ ግድ ነው።

አንድ ቀን ጠዋት፣ ሦስት ሰዓት ገደማ፣ ተኩሱ ቆመ። እንዲያው በድንገት። ጆሯችን የደነቆረ መስሎን ተያየን። ከታች አንድ ሽማግሌ ነጭ ጨርቅ ትከሻው ላይ ጥሎ፣ ትንሽ ማሰሮ በሁለት እጁ ይዞ፣ ብቻውን ሲወጣ አየን።

«እንዳትተኩሱ!» አለ ደሴ። «ወይስ… ቆይ! ምንድን ነው የያዘው?»

የያዘው ወተት ነበር። ነገሩን ያስረዳን ኦርሳ ነው፤ ከእኛ ጋር ከርሞ አማርኛ የለመደ የከተማው ጫማ ሰፊ። ቀኑ ሳሬም የሚሉት የሁለቱም አገሮች በዓል ነው። በሳሬም የከበበው ለተከበበው ወተት ይልካል። በሩን የያዘው ሰው በመልእክተኛው ፊት ከጠጣው፣ ፀሐይ እስክትጠልቅ ጥይት አይተኮስም፤ ቁስለኛ ይወጣል፣ ውሃ ይቀዳል፣ ሬሳ ይነሳል። ካልጠጣው በዓሉን ንቋል ማለት ነው፤ ተኩሱ እዚያው ይቀጥላል።

«በል አንተ ጠጣላቸው» አለው ደሴ ኦርሳን።

«በሩን የያዝኩት እኔ ነኝ?» አለ ኦርሳ። «ከታች ሆነው በመነጽር ያያሉ እኮ። ማን እንደሚቆምበት ያውቃሉ።»

«እኔ ልጠጣው» አልኩ። ኦርሳ ራሱን ነቀነቀ። የበሩ ቁልፍ የተንጠለጠለው ይበልጣል አንገት ላይ ነው፤ ሽማግሌውም ዓይኑን ከእሱ ላይ አልነቀለም።

«ጾም ነው» አለ ይበልጣል።

«ጾም መሆኑን እኔም አውቃለሁ! ትእዛዝ ነው!»

«ጾም በትእዛዝ ይፈታል እንዴ፣ አያ ደሴ?»

«ኧረ እኔ ምን አውቄ!» አለ ደሴ። «ዲያቆኑ አንተ አይደለህም እንዴ?»

ጌታሁን በሩ አጠገብ ቃሬዛ ላይ ተኝቶ ይሰማል። «ይበልጣል፣ ለእኔ ብለህ እንዳታደርገው» አለ። «እኔ እንደሆንኩ…» ሕመሙ አላስጨረሰውም።

ይበልጣል የነፍስ አባቱን የሚፈልግ ይመስል ዙሪያውን አየ። የሚጠየቅ ቄስ የለ፣ ስልክ የለ። ሽማግሌው ማሰሮውን ወደ እሱ ገፋ አደረገው። ይበልጣል አማተበ፤ ማሰሮውን ተቀብሎ ዓይኑን ጨፍኖ እስከ መጨረሻው ጠጣው። አፉን በእጅጌው ጠርጎ «ይጣፍጣል» አለ። ወዲያው አፈረና ፊቱን ወደ ግንቡ አዞረ።

በሩ ተከፈተ። ጌታሁንን እነ ኦርሳ ተሸክመውት ወረዱ። ትናንት ሲተኩሱብን የነበሩት ሰዎች ከምሽጋቸው ወጥተው ቃሬዛውን ተቀበሉ፤ አንዱ ጃኬቱን አውልቆ ጌታሁንን አለበሰው። ይህን በዓይኔ አይቻለሁ፤ እስከ ዛሬ ግን አልገባኝም። ሴቶች ጀሪካን ይዘው ወደ ምንጩ ጎረፉ። እኛም ሬሳዎቻችንን አነሳን።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ንፍሮ ባቀርብለት ይበልጣል «ዛሬስ ይቅርብኝ» ብሎ መለሰልኝ። ከዚያ ሰማዩ ጠቆረ፤ ፀሐይዋ ደመና ውስጥ ገባች። አሥራ ሁለት ሰዓት ገደማ ምንጩ ዳር ገና ሰው ነበር። ይበልጣል ከበሩ ውጭ ቆሞ ጀሪካን ይቀበላል። «ገና አልጠለቀችም፤ ቀስ ብላችሁ ግቡ» ይላል። ከኦስታኖች በኩል ቀንደ መለከት ተነፋ። ጠልቃለች ማለታቸው ነው? ማስጠንቀቂያ ነው? ወይስ በዓላቸውን እየዘጉ ነው? የሚያስረዳን ኦርሳ ከጌታሁን ጋር ወርዷል። ደሴ «ግቡ!» ብሎ ሲጮህ ሞርታሩ በሩ ላይ ወደቀ። አቧራ። ዋይታ። ማን ላይ እንደምተኩስ አይታየኝም፤ ተኮስኩ።

አቧራው ሲገለጥ ይበልጣል ደጃፉ ላይ ወድቋል። አጠገቡ ሁለት ሴቶች። ሦስቱም ሞተዋል።

ከበባው በመስቀል ሰሞን ተነሳ። ለምን እንደተነሳም የነገረን የለም። ከእኛ ክፍል አሥራ አንድ ሰው ሰሎክ ላይ ቀብረን ተመለስን። የከተማውን ሙት ከተማው ይቁጠረው፤ ኦስታኖችም የራሳቸው አላቸው። ደሴ ከሃዲዎች ናቸው ይል ነበር። እኔ ያ ጃኬቱን ያወለቀው ሰው ትዝ ሲለኝ፣ በእነሱ በኩል ፀሐይዋ ቀድማ ጠልቃ ይሆናል እላለሁ። አላውቅም። አለማወቄ ያናድደኛል።

ጌታሁን አንድ እግሩን ቢያጣም ተርፏል፤ ዱርቤቴ እህል ይነግዳል።

ፈረስ ቤት ለቅሶ ልደርስ የሄድኩት ብቻዬን ነው። ሰዉ ወጣ ሲል የይበልጣል እናት ወደ እሳቸው ጠሩኝ።

«በፍልሰታ ነው አሉኝ የሞተው። ጾሙን እንደያዘ ነው?»

መንገዱን ሙሉ «አዎ» ልላቸው ስለማመድ ነበር የመጣሁት። ፊታቸውን ሳይ አቃተኝ። የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው።

«ያ ቁስለኛው ልጅ ተረፈ?»

«ተርፏል፣ እማማ።»

ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። ተቀይመውኛል ብዬ ልነሳ ስል እጄን ያዙኝ።

«ልጅ ሆኖ ፍልሰታ በገባ ቁጥር ያለቅስብኝ ነበር» አሉኝ። «ወተት ሲወድ! አንድ ቀን እንኳ ደብቄ አልሰጠሁትም።»