ሳይታዘዝ የሚናገረው ቴፕ፦ የጋምቤላ ጉዞዬ

በደርግ ዘመን አዲስ አበባ ውስጥ ለዓይነ ስውራን የሚታደሉ የካሴት ቴፖችን በምንጠግንበት ጠባብ ክፍል እሠራ ነበር። የሚደርሰን ቅሬታ አብዛኛውን ጊዜ «ባትሪ ይበላል» ወይም «ድምፁ ይጎተታል» የሚል ነው። በክረምቱ መግቢያ ከጋምቤላ የመጣው ደብዳቤ ግን ሌላ ነበር። ኡጁሉ የሚባሉ ዓይነ ስውር አስተማሪ በልጃቸው አስጽፈው የላኩት ነው። «መሣሪያው ሳላዘው ይናገራል። ከጎረቤት አጣልቶኛል። ሰው ላኩልኝ» ይላል። አለቃዬ ሁለቴ አነበበውና የይለፍ ወረቀት አስጻፈልኝ።

ከመቱ ወደታች

በጅማ በኩል ሁለት ቀን በአውቶቡስ ተጉዤ መቱ ገባሁ። በሦስተኛው ቀን ጨው የጫነ መኪና ላይ ጋቢና ውስጥ ቦታ አገኘሁ። ከጎሬ በኋላ ጉሙ ከመኪናው አፍንጫ ወዲያ አላሳይ አለን። ሾፌሩ ጥሩንባውን እየነፋ በእግር ፍጥነት ነዳ። ከቡሬ ቁልቁለቱ ሲጀምር ጆሮዬ ተደፈነ፤ ሙቀቱም ከታች እየወጣ ተቀበለን።

«ጋምቤላ ማን ዘንድ ነህ?» አለኝ ሾፌሩ።

ነገርኩት። ለአፍታ ዞር ብሎ አየኝ።

«የሞተችው ሴት የምታነብበት ቤት?» አለና ፊቱን ወደ መንገዱ መለሰ።

የኡጁሉ ቤት

ባሮ ዳር ካለች ምግብ ቤት የተጠበሰ ዓሣ በልቼ ቤቱን ጠየቅሁ። ባለቤቲቱ አቅጣጫውን በአገጯ ብቻ አሳየችኝ። ደጃፉ ላይ የተቀበለችኝ አሪየት ናት፤ የኡጁሉ ልጅ፣ ጤና ጣቢያ የምትሠራ። አባቷ ጥግ ላይ ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል።

«አንተ ነህ የመሣሪያ ሰው?» አሉኝ።

«አዎ ጋሼ። ምን እንዳስቸገረዎት ይንገሩኝ።»

«ማታ ሲሆን ሚስቴ ታነባለች። እኔ አልነካም። ትንሽ ታነባለች፣ ታቆማለች። በማግስቱ ከዚያው ትቀጥላለች።»

ባለቤታቸው አኳታ ባለፈው ዓመት በወባ ሞታለች። ከመሞቷ በፊት ወንጌሉን በአኙዋክኛ እያነበበች ካሴት ላይ ቀድታላቸው ነበር።

«ድምፁ ግን የእሷ አይደለም» አሉ። «የትልቅ ወንድ ድምፅ ነው። ከመሬት ስር የሚመጣ።»

«ጎረቤቶች እስከ እሁድ ባሮ ውስጥ ጣሉት ብለውናል» አለች አሪየት። «ለጸሎት ይመጡ የነበሩትም ቀርተዋል።»

ኡጁሉ እጃቸውን ቴፑ ላይ አሳረፉ። «መጥፎ ነገር ከሆነ እጥላለሁ። እሷ ከሆነች ግን እንዴት አድርጌ እጥላታለሁ?»

አሥራ ሁለት ሰዓት

ቴፑን ሳልነካ ለመጠበቅ ወሰንኩ። ሲመሻሽ ከአጥሩ ውጭ ይሰማ የነበረው የሰው ድምፅ አንድ በአንድ ጠፋ። አንዲት አሮጊት ጎረቤት በርጩማቸውን አንስተው ገቡና በራቸውን ዘጉ።

«አሁን ትመጣለች» አሉ ኡጁሉ።

አምፖሉ እንደ ፍም ቀላ። ከዚያ ቴፑ ውስጥ አንድ ነገር አቃሰተ፤ እያዘገመ ቃል ሆነ። ቋንቋውን ባላውቅም ክንዴ ላይ ያለው ፀጉር ቆመ። ስንት ዓመት ቴፕ የፈታሁ ሰው ነኝ፤ ያን ጊዜ ግን እጄን ወደ ኋላ ሰብስቤ ነበር። ኡጁሉ ማጥፊያውን ሲጫኑ ቀጭ ሲል ሰማሁ፤ ድምፁ ግን ቀጠለ። ጥቂት ቆይቶ አምፖሉ ሲደክም ድምፁም ጉድጓድ ውስጥ እንደሚወርድ ሰው እየራቀ ጠፋ።

ጥገናው

በማግስቱ ጠዋት ፈታሁት። የማጥፊያው ቁልፍ ላይ ላዩን ይነሳል እንጂ ውስጡ ያለው ማያያዣ ተሰብሯል፤ ቴፑ ሁልጊዜ እንደበራ ነው። በዚያ ሰሞን ነዳጅ ስላነሰ የከተማው ጄኔሬተር ሲመሽ ተነስቶ ወዲያው ይጠፋል። የቴፑ መሰኪያ ግድግዳው ላይ ስለሚያድር መብራት በመጣ ቁጥር ቴፑ ካቆመበት ይቀጥላል። ባትሪ ሦስት ጊዜ ቢገዙም አልሠራ ያላቸው የባትሪው ቤት አረንጓዴ ዝገት ስለበላው ነበር።

ሲመሽ የመብራቱን ኃይል ለካሁ። ሁለት መቶ ሃያ ቮልት መሆን የነበረበት መቶ አርባ እንኳን አልሞላም። የቴፑ ሞተር አቅም ሲያጣ ቀስ ብሎ ይዞራል፤ የሴት ድምፅ የወንድ ይሆናል።

ዝገቱን በብርጭቆ ወረቀት ፍቄ፣ ማያያዣውን ቀይሬ፣ ሽቦውን ከግድግዳው ነቀልኩና አዲስ ባትሪ አስገባሁ። ለኡጁሉ ሰጠኋቸው። ራሳቸው ከፈቱት።

ቀጭን፣ ፈጠን ያለ የሴት ድምፅ ወጣ። ኡጁሉ አንገታቸውን ደፉ።

«ይቺ ናት» አሉ።

ጎረቤቶች አንድ ሁለት እያሉ አጥሩ ጋ ቆሙ። አሮጊቷም በርጩማቸውን ይዘው ተመለሱ። ካሴቱ ወደ መጨረሻው ደርሶ ነበርና ንባቡ አለቀ። ከዚያ ትንፋሽ ተሰማ፤ አኳታም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ አንድ ነገር ተናገረች። ኡጁሉ ጮክ ብለው መለሱላት። ካሴቱ ቀጭ ብሎ ቆመ።

አሪየት ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ቆይታ ተረጎመችልኝ።

«‹ኡጁሉ፣ ተኛህ?› ነው ያለችው። ስትቀዳ አባቴ ተኝቶ ነበር፤ አልሰማትም። አሁን ‹አልተኛሁም› አላት።»

መመለስ

ይዤው በሄድኩት ሁለተኛ ቴፕ ካሴቱን በሌላ ካሴት ላይ ቀድቼላቸው በአውሮፕላን ተመለስኩ። ሪፖርቱ ላይ የተሰበረ ማያያዣ፣ የዛገ የባትሪ ቤት፣ የወረደ ቮልት ብዬ ጻፍኩ፤ ሁሉም እውነት ነው። ከዚያ ወዲህ ግን ማንኛውንም ቴፕ ከመፍታቴ በፊት ውስጡ ያለው የማን ድምፅ እንደሆነ እጠይቃለሁ። ባለቤቱ ካልነገረኝ መፍቻዬን አላነሳም።